«ዓመቱ ስንት ነው?»፦ ሕመምተኛ ሽማግሌና የመወሰን ችሎታ

እስቲ ነገሬን በአንድ ገጠመኝ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጋቢት ወር፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ስኳር እግራቸውን ጎድቶት ሆስፒታል ተኝተው ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። እግራቸው እንዲቆረጥ ሐኪሞቹ ባለፈው ቀን ሲጠይቋቸው «አይሆንም» ብለዋል። ጠዋት አንዲት ወጣት ሐኪም ገባችና በስልክ አስተርጓሚ በኩል ትጠይቃቸው ጀመር። ዓመቱ ስንት ነው? «2017»። አሁን ስንት ሰዓት ይሆናል? «ሦስት ሰዓት»። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝን ያሳያል። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ አስተላለፈ፤ ሐኪሟም ጻፈች። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም መልስ ትክክል ነው፤ በእሷ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ስሕተት ሆኑ።

ነገሩ ያስቃል። ይሁን እንጂ ምርመራው የተጀመረው ለቀን መቁጠሪያ ተብሎ አልነበረም። «እኚህ ሰው ስለ እግራቸው ራሳቸው መወሰን ይችላሉ ወይስ ሌላ ይወስንላቸው?» የሚለውን ለመመለስ ነበር።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? አእምሮው የተስተካከለ አዋቂ ሰው በገዛ አካሉ ላይ የሚሆነውን የመወሰን መብት እንዳለው የኒውዮርኩ ዳኛ ካርዶዞ እ.ኤ.አ. በ1914 ጽፎታል። የእኛም አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20፣ በመርሕ ደረጃ ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል። በቨርጂንያ ሕግ ማንኛውም አዋቂ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ መወሰን እንደሚችል ይገመታል፤ የበሽታው ስም ብቻውን ይህን መብት አይነሳውም። በቨርጂንያም ሆነ ከፖቶማክ ማዶ በሜሪላንድ፣ «መወሰን አይችልም» ለማለት ደግሞ የአንድ ሐኪም ቃል አይበቃም፤ ሁለተኛ ባለሙያ መጨመር አለበት።

መመዘኛው ምንድን ነው? አፕልባምና ግሪሶ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቧቸው አራት ነጥቦች እስከ ዛሬ በስፋት ይሠራባቸዋል። ሕመምተኛው የተነገረውን ተረድቷል? ነገሩ በራሱ ላይ የደረሰ መሆኑን ተገንዝቧል? አማራጮቹን በምክንያት ያመዛዝናል? ውሳኔውንስ መግለጽ ይችላል? ልብ በሉ፤ ዓመተ ምሕረትን ማወቅ ከአራቱ አንዱ አይደለም። ከሐኪሙ ምክር መለየትም ችሎታ ለማጣት ማስረጃ አይሆንም። ችሎታ የሚመዘነውም ለየውሳኔው ነው፤ የባንክ ሒሳቡን መምራት ያቃተው ሰው የትኛው ልጁ እንዲወክለው መምረጥ ይችል ይሆናል። ጠዋት ትኩሳት ያቃዠው ሰው ከሰዓት በኋላ ልቡ ሊመለስ ይችላል።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ አራት ነገሮች የሚለኩት በንግግር ነው። የእኛ ሽማግሌ ደግሞ ሐኪም ሲጠይቀው «እናንተ ታውቃላችሁ»፣ «እግዜር ያውቃል» ይላል። ለእኛ ጨዋነት ነው፤ ቃል በቃል ሲተረጎም ግን ነገሩ ያልገባው ሰው መልስ ይመስላል። ዓይኑን ሰበር አድርጎ ዝም ሲልም እንዲሁ።

ከዚህ የባሰው የእኛ የቤተሰቦቹ ድርሻ ነው። መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በጥንቃቄ በሚነገርበት ባህል ያደግን ስለሆንን፣ ሐኪም በአደባባይ «ካንሰር ነው» ሲል ይዘገንነናል። ስለዚህ ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ይገባና ክፉውን ቃል ይውጠዋል። «ትንሽ ቁስል ነው አባዬ፤ ይድናል» ይላል። ከዚያ ሐኪሙ ሽማግሌውን «ምን እንዳመመዎት ይንገሩኝ» ሲላቸው ምን ይበሉ? እኛው ደብቀን እኛው «አይገባውም» እናስብላቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ «ዘመድህ ያስተርጉምልህ» ብለው ሊጭኑበትም አይችሉም። ይህን መብት ልንጠይቅበት ይገባል፤ ከልጅም ጫንቃ ላይ ከባድ ሸክም ያወርዳል።

«ታዲያ ሽማግሌ ፊት ክፉ ወሬ ይዘርገፍ ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ባህሉ ሳይሰበር መብቱም ሳይጣስ የሚኬድበት መንገድ አለ። ገና ከጅምሩ «ስለ ሕመምዎ ራስዎ መስማት ይሻሉ ወይስ ለልጅዎ ይነገር?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ለልጄ ንገሩት» ካሉ፣ ይህም የራሳቸው ውሳኔ ነው። ሳይጠየቁ የሚደበቅባቸው ከሆነ ግን ውሳኔው የእኛ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው ውክልና ነው። ለቤት ሽያጭ ውክልና ለመስጠት ማንም አይቀድመንም፤ ለሕክምና ግን «ሟርት ነው» እንላለን። በሁለቱም ግዛቶች ሁለት ምስክሮች ባሉበት የተፈረመ ወረቀት ይበቃል፤ ኖተሪ አያስፈልግም። በሜሪላንድ ተወካዩ ራሱ ምስክር መሆን አይችልም፤ ከምስክሮቹም ቢያንስ አንዱ ከውርሱ የማይካፈል መሆን አለበት። ወረቀቱ ከሌለና ፍርድ ቤት የሾመው ሞግዚት ከሌለ ሕጉ በተራ ይሄዳል፤ የትዳር ጓደኛ፣ አዋቂ ልጆች፣ ወላጆች፣ ወንድምና እህት። ልጆች ባይስማሙ በቨርጂንያ የብዙኃኑ ድምፅ ይጸናል፤ በሜሪላንድ ጉዳዩ ወደ ሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሃያ ዓመት አብሮ ዕቁብ የጣለው፣ ልቡን የሚያውቀው ጓደኛ ተራው የሚደርሰው ከትዳር ጓደኛ፣ ከአዋቂ ልጆች፣ ከወላጆች፣ ከወንድምና እህት ኋላ ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ከጎናቸው የነበረው ልጃቸው የ2017ቱን ምስጢር ለሐኪሟ አስረዳት። እሷም ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከሰዓት በኋላም በአካል የሚገኝ አስተርጓሚ ይዛ ተመለሰች። አሁን የጠየቀቻቸው ስለ ዓመቱ ሳይሆን ስለ እግራቸው ነበር። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «እግሬ ሞቷል። ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ላይ ወጥቶ ይገድለኛል፤ ገብቶኛል። አልቆረጥም አላልኩም። ትልቁ ልጄ ከሎስ አንጀለስ እስኪመጣ ሁለት ቀን ስጡኝ፤ በሁለት እግሬ ቆሜ ልሳመው ነው ያልኩት።»

ሐኪሞቹ ቁስሉን መርምረው ሁለት ቀን መታገሥ እንደሚቻል አረጋገጡላቸው። ልጃቸው መጣ፤ ቆመው ሳሙት፤ ወረቀቱንም በገዛ እጃቸው ፈረሙ።

እናንተስ ወላጆቻችሁን ጠይቃችኋል? ዛሬ ማታ ቡና ተፈልቶ እንደተቀመጣችሁ ጠይቋቸው፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ከሆነ በኋላ ይመሻል።

ቸር ይግጠመን።