«አትንካት» ያለው ማን ነው?

በእኛ ልማድ የባልና የሚስት ገመና በር ተዘግቶ የሚጠበቅ ነገር ነው። ልጅ የዘገየበት ቤት ግን ይህን ክብር አያገኝም። አማት ትጠይቃለች፤ ጎረቤት ይመክራል፤ የዕቁብ ወዳጅ አዋቂ ይጠቁማል። ወደ ሐኪም ቤት የተሄደ ዕለት ደግሞ ምክሩ ትእዛዝ ይሆናል። በካርቱም በምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ከትእዛዛቱ ሁሉ ሥር የሰደደው አንድ ነው፦ የባል ዘር በሕክምና ወደ ሚስቱ ማኅፀን ከገባበት ቀን አንሥቶ የእርግዝና ምርመራው እስኪደርስ፣ ማለትም ለ14 ቀናት ያህል፣ ባል ከሚስቱ አልጋ ይለይ። «አትንካት!» ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ትእዛዝ ይቃወማል። ምክንያቱም ትእዛዙ የሐኪም ካባ የለበሰ ይሉኝታ እንጂ ሕክምና አይደለም።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ ሕክምናው ምን እንደሆነ እንይ። ባል ዘሩን በዕቃ ይሰጣል። ዘሩ በላቦራቶሪ ይታጠባል፤ ጠንካራውና የሚንቀሳቀሰው ይለያል። ከዚያም ሴቲቱ እንቁላል በምትጥልበት ጊዜ ገደማ በቀጭን ቱቦ በማኅፀን አንገት በኩል አልፎ ወደ ማኅፀኗ ይደርሳል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ማደንዘዣም ቢላም የማይሻ ሥራ ነው። የተሰፋ ቁስል የለም፤ የሚጠበቅ ጠባሳ የለም። ታዲያ የሚፈራው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ፍርሃት «ይፈስሳል» የሚለው ነው። ሴቲቱ ብትነሣ፣ ብትራመድ፣ ባሏ ቢቀርባት የገባው ዘር ተመልሶ ይወጣል ይባላል። የዘር ሕዋሳት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ማኅፀን ቱቦዎች መድረስ ይጀምራሉ። በኋላ የምትታዘበው እርጥበት ልጇ አይደለም። በሕክምናው ወቅት የተነካካው የማኅፀን አንገት ፈሳሽና ትርፍ ውኃ ነው። ስለ መተኛትም ቢሆን ሊቃውንት ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድ የተደረገ ጥናት ከሕክምናው በኋላ 15 ደቂቃ በጀርባ መተኛት ይጠቅማል ብሎ ነበር፤ በ2017 በዚያው አገር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጥቅም አላገኘበትም። ልብ ይሏል! የሊቃውንቱ ክርክር ስለ አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። እኛ አሥራ አምስቱን ደቂቃ ዐሥራ አራት ቀን አድርገን አረፍነው።

ሁለተኛው ፍርሃት «ማኅፀን ይናወጣል» ይላል። ይህኛው የእውነት ጭላንጭል አለው። በዘር ፈሳሽ ውስጥ ማኅፀንን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር አለ፤ ሐኪሞች ዘሩን አጥበው የሚያስገቡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ያልታጠበ ፈሳሽ በቱቦ በቀጥታ ወደ ማኅፀን ቢገባ ብርቱ ቁርጠት ያስከትላል። በሩካቤ ጊዜ ግን ፈሳሹ ከማኅፀን አንገት በታች ይቀራል፤ አንገቱም እንደ ወንፊት ያጣራዋል። ተፈጥሮ ራሷ ካበጀችው መንገድ ተፈጥሮን መጠበቅ ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው?

ሦስተኛው «ፅንሱ ይነቀላል» የሚለው ነው። እንቁላል ከተጣለ በኋላ የምትቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ያህል ነው። ፅንስ ከሆነች በቱቦው ውስጥ ተጉዛ ማኅፀን ደርሳ የምትጣበቀው ከስድስተኛው ቀን ወዲያ ነው። በእነዚያ ቀናት በዓለም ላይ ያሉ ባልና ሚስቶች ሁሉ ሳያውቁት አብረው ያድራሉ፤ ልጆችም ይወለዳሉ። እኛ ሁላችን በተፀነስንባቸው ቤቶች ውስጥ ቀን ቆጥሮ አባታችንን ወደ እንግዳ መቀበያ ክፍል ያሰናበተ ማንም አልነበረም።

ከዚህ የረቀቀውን ሕክምና እንኳ ብናይ፣ ማለትም ፅንሱ ከሰውነት ውጭ ተዘጋጅቶ ወደ ማኅፀን የሚመለስበትን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያና በስፔን ማዕከላት የተደረገ ጥናት አለ። ፅንሱ በተመለሰበት ሰሞን ባልና ሚስቱ እንዲገናኙ ወይም እንዲታቀቡ በዕጣ ተለይተው 478 ዙሮች ተመረመሩ። መገናኘቱ ጉዳት አላመጣም። እንዲያውም ከተመለሱት ፅንሶች መካከል ሕይወት ይዘው የቀጠሉት ድርሻ በተገናኙት ዘንድ ከፍ ብሎ ታየ። ከዚህ ተነሥቼ «ግንኙነት መድኃኒት ነው» አልልም። «መርዝ ነው» የሚለውን ግን ማስረጃህን አምጣ እለዋለሁ።

መታቀብ የሚገባበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ደም የሚፈስሳት፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ ሕመም የተሰማት ሴት ሐኪሟን ሳታማክር አትገናኝ። የማበረታቻ መርፌና ክኒን የወሰደች ሴት እንቁላል ማፍሪያዋ ከመጠን በላይ ካበጠ ሐኪም በግልጽ ይከለክላታል፤ ትክክልም ነው። ሌላም አለ። በሚላኖ የሚገኙ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 እንደዘገቡት፣ ዘር የማጠብ ጥበብ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ባል ሚስቱን ሳይጎዳ ልጅ እንዲያገኝ ረድቷል። ሕክምናው በዚህ ምክንያት የተደረገላቸው ባልና ሚስት ያለ መከላከያ ቢገናኙ የደከሙበትን ሊያፈርሱ ስለሚችሉ የሐኪማቸውን ቃል ይጠብቁ። እነዚህ ሁሉ ምክንያታቸው የሚነገር፣ ለዚህችና ለዚያች ሴት ተለይተው የሚሰጡ ክልከላዎች ናቸው። እኔ የምሟገተው ምክንያቱ የማይነገረውንና ለሁሉም በጅምላ የሚታደለውን ነው።

ለመሆኑ ይህ የጅምላ ትእዛዝ ከየት መጣ? የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ዐረብኛ በመተርጎም ነውና አንዱን ምንጭ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ «ኢርታሒ» ይላል፤ ዕረፊ፣ ዘና በዪ፣ አትጨነቂ ማለቱ ነው። በአስተርጓሚው አፍ «ተኚ፤ እንዳትነሺ» ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ ስለ «ዐላቃ ዘውጂያ» አንሥቶ «ማ ፊ ማኒዕ» ይላል፤ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት ከሆነ የሚከለክል ነገር የለም ማለት ነው። አስተርጓሚዋ ግን የባል እኅት ወይም ዐረብኛ የለመደች የጎረቤት ልጅ ናት። በወንድሟ ፊት፣ በታላቋ ፊት ይህን ዓረፍተ ነገር እንዴት ታውጣው? ትውጠዋለች። ዝምታዋም ቤት ሲደርስ «ክልክል ነው» ተብሎ ይተረጎማል።

ቃሉ ራሱም ጠማማ ነው። ዐረቦች «ተልቂሕ» የሚሉትን እኛ «ሰው ሠራሽ ማዳቀል» አልነው። ማዳቀል ለላምና ለበቆሎ የምንለው፣ «ዲቃላ» ከሚለው ስድብ ጋር ሥር የሚጋራ ቃል ነው። ከገዛ ባሏ ዘር የምትፀንስ ሴት በዚህ ስም ስትጠራ ራሷን እንደ ከብት፣ ልጇን እንደ ባዕድ ብትቆጥር ምን ይደንቃል? «የባልን ዘር ወደ ማኅፀን ማድረስ» ብንለው ምን ይጎድልብናል? ረዘመ እንጂ አልዋሸም።

«ሁለት ሳምንት ቢታቀቡ ምን ይሆናሉ?» የሚል አይጠፋም። እንቁጠራ! ከሕክምናው በኋላ 14 ቀን። ዘር ከመስጠቱ በፊት ባል እንዲታቀብ የሚጠየቀው ከ2 እስከ 7 ቀን። የወር አበባ 5 ቀን ያህል። በ28 ቀን ወር ውስጥ ሰባቱን ሙሉ ለታቀበ ባል ስንት ቀን ተረፈ? ሁለት! ሕክምናው ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ቢደገም ባልና ሚስት ለወራት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ተከራይ ይኖራሉ ማለት ነው። ባል ዘር በዕቃ ሰጪ፣ ሚስት ዕቃ ትሆናለች። ልጅ ፍለጋ የወጣ ትዳር ራሱን አጥቶ ይመለሳል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ፍርዱ ነው። ይህ ሕክምና እንደ ዕድሜና እንደ ምክንያቱ ቢለያይም በአንድ ዙር ከመቶ የሚሳካው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ለሚሆኑት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ዙር የሚያበቃው በወር አበባ ነው። ይህን ያልተነገራት ሴት ደሟን ስታይ ጥፋት ትፈልጋለች፤ የተሰጣት ትእዛዝ ጥፋቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። «ያን ሌሊት ባይሆን ኖሮ…» ትላለች። አማትም ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በዕድሜው ዘመን የመውለድ ችግር ይገጥመዋል፤ ምክንያቱም ከወንዱ፣ ከሴቲቱ ወይም ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። ክሱ ግን ሁልጊዜ አድራሻው አንድ ነው።

በሃይማኖት የሚያመካኙም አሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 በወቅቱ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼክ ጃድ አል-ሐቅ የሰጡት ፈትዋ ሕክምናውን የፈቀደው በጋብቻ ላሉ ባልና ሚስት ብቻ ነው፤ የሦስተኛ ሰው ዘር ከልክሏል። ትዳርን የሕክምናው መሠረት ካደረገ ፍርድ ውስጥ ባልን ከአልጋው የሚያባርር ቃል ከየት ይገኛል? ለክርስቲያኑም ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 7 ባልና ሚስት መታቀብን በስምምነትና ለጊዜው እንዲያደርጉት ያዝዛል። ጾማቸውን የሚጠብቁ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ። የጎረቤት ትእዛዝ ግን ቀኖና አይደለም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህ የካርቱም ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ፤ ከዴምና ከጀሪፍ ብዙ ወገኖቻችን ተበተኑ። ከእነዚህ መካከል አዲስ አበባ የገቡ፣ በ2019 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተውን የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ደጅ የሚጠኑ ይኖራሉ። እዚያ አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ይሉኝታው ግን ፓስፖርት ሳይጠየቅ አብሮ ይሻገራል። በአማርኛም የማይጠየቅ ጥያቄ በአማርኛ አይመለስም።

እንግዲህ እንዲህ ይሁን። ሐኪም ሆይ፣ «ዕረፊ» ብለህ አትለፍ፤ ምን እንደተፈቀደ በግልጽ ተናገር። አስተርጓሚ ሆይ፣ ያፈርክበትን ዓረፍተ ነገር የመዋጥ ሥልጣን የለህም፤ ቃሉ የአንተ አይደለምና። እናቶችና አማቶች፣ ፍቅራችሁ በምርቃት ይገለጽ፣ ቀን በመቁጠር አይሁን። ባልና ሚስቶች ሆይ፣ ከቱቦው በኋላ ከአልጋው ከመውረዳችሁ በፊት «ዛሬ ማታስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። መልሱ «ይቻላል» ከሆነ መቅረብም መታቀብም የእናንተ የሁለታችሁ ፈቃድ ነው፤ ሦስተኛ ድምፅ የለውም።