በሩቅ ሆኖ ማስተማር የመምህርነት ልምምድ ይሆናልን?

መምህርነት ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ሙያ አይደለም። ዋና በወንዝ ዳር ተቀምጦ እንደማይለመድ ሁሉ፣ ማስተማርም በተማሪዎች ፊት ሳይቆሙ አይለመድም። ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛዎች እጩዎቻቸውን ከመመረቃቸው በፊት ወደ ትምህርት ቤት ልከው ያለማምዳሉ። በዘመናችን ግን ይህ ልምምድ አንድ አዲስ መልክ ይዟል። እጩው ከአገሩ ሳይወጣ፣ በኢንተርኔት አማካይነት በሌላ አገር ያሉትን ልጆች ያስተምራል። ይህ ነገር ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል? በበኩሌ የሚመስለኝን ለአንባብያን ለማቅረብ እወዳለሁ።

አስቀድመን አመጣጡን እንመልከት። አውሮፓውያን በ1997 ዓ.ም. ኢትዊኒንግ የተባለውን መርሐ ግብር አቋቁመው፣ የልዩ ልዩ አገሮች ትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት ተገናኝተው አብረው እንዲሠሩ አደረጉ። ቆይቶም እጩ መምህራን የሚካፈሉበት ሆነ። ነገሩ በብዛት የተስፋፋው ግን በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በዓለም ላይ በወደቀ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዩኔስኮ እንደ ገለጸው፣ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተለይተው ነበር። ወደ ውጭ አገር ሄደው ሊለማመዱ ያሰቡ እጩዎችም መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው፣ ልምምዳቸውን በዙምና ይህን በመሳሰሉት ዘዴዎች ለመፈጸም ተገደዱ።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። አንደኛ፣ በአውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ቤት ተከራይቶ በሰው አገር ለመለማመድ የሚችለው ገንዘብ ያለው ብቻ ነው፤ ይኸኛው ግን ለብዙዎች በር ይከፍታል። ሁለተኛ፣ ቋንቋውን በሚገባ ለማያውቁት ልጆች የሚያስተምር እጩ ንግግሩን ማሳጠር፣ ሐሳቡን በሥዕልና በምሳሌ ማስረዳት ይማራል። ሦስተኛ፣ የአገሩን ልማድ የዓለም ሁሉ ልማድ አድርጎ ከማየት ይድናል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ በቶኪዮ በእነርሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ተማሪ ትምህርቱን ገና ሲጀምር፣ ሌላው ደክሞት ወደ ቤቱ ለመሄድ ይዘጋጃል። ይህን ያልተረዳ እጩ ቀጠሮውንም ትምህርቱንም ያበላሻል።

ይሁን እንጂ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሩቅ መምህር መማር ምን እንደ ሆነ አስቀድመን አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተተክሎ፣ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይሰጥ ጀመር። ትምህርቱ በሥዕል የተዋበ ነበር። ነገር ግን የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ቢጠየቅ አይሰማም፤ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስም ያልፋል። በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህርም ከዳር ቆሞ ተመልካች እስከ መሆን ደረሰ።

ኢንተርኔቱ ከፕላዝማው ይሻላል፤ እጩው ይሰማል፣ ይመልሳልም። ቢሆንም የሚያየው በመስተዋት ላይ የሚታየውን ፊት ብቻ ነው። ተማሪው ካሜራውን ቢያጠፋና ዝም ቢል፣ ገብቶት ይሁን ወይም ተኝቶ በምን ያውቃል? መስመሩ ሲቆረጥ ወይም መብራት ሲጠፋ የታሰበው ሁሉ ይቀራል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ቁርስ ሳይበላ መምጣቱን፣ የጎረቤቱን ደብተር እያየ መገልበጡን መስተዋቱ አይነግረውም። መምህር የሚፈተነው ደግሞ በዚህ ነው።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት እናስታውስ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ ከእነርሱም የሚበዙት ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው ጋር በአንድ ከተማ ኖረው፣ የልጆቹን ድካምና የወላጆችን ችግር በዓይናቸው አዩ። ይህን የመሰለ ዕውቀት በሽቦ አይመጣም።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። የሩቅ አገሩ ልምምድ ይኑር፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ይጠበቅበት። መጀመሪያ፣ በክፍል ውስጥ በአካል ለሚደረገው ልምምድ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሁን። ሁለተኛ፣ በተቀባዩ ክፍል ያለው መምህር ተመልካች ሳይሆን አጋር ይሁን፤ ትምህርቱን አብሮ ያዘጋጅ፣ ሲፈጸምም ስሕተቱን ለእጩው ይንገረው። ሦስተኛ፣ ነገሩ የአንድ ወገን ብቻ አይሁን። የውጭ አገር እጩዎች በእኛ ልጆች ከተለማመዱ፣ የእኛም እጩዎች የእነርሱን ልጆች ያስተምሩ። ለማስተማርም የሚበቃ ብዙ ነገር አለን፤ ፊደላችን፣ የዘመን አቆጣጠራችንና የላሊበላ ሕንጻ በቂ ምስክሮች ናቸው። ተማሪ የሰው መለማመጃ ብቻ ሆኖ መቅረት አይገባውም፤ ከልምምዱ እርሱም ዕውቀት ማትረፍ አለበት።

ነገ መምህር ለመሆን የምታስቡ ጓደኞቼ ሆይ! ዓለምን የሚያሳያችሁን መስተዋት አትናቁት። ዳሩ ግን ከፊታችሁ የተቀመጠውን ልጅ ስሙን ጠርታችሁ፣ ደብተሩን ገልጣችሁ ማየትን አስቀድሙ። ቅርቡን ያላወቀ መምህር ለሩቁ ሊተርፍ አይችልምና።