መጀመሪያ ይታጠብ!

መቼም ሐረር ላይ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ምክር አይቸግረውም። ነጂዋ ሴት ስትሆን ደግሞ ምክሩ እጥፍ ነው። የአጎቴን አሮጌ ያማሃ ከተረከብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን አምስት መካኒክ ካቻቢቴውን ካርቡራተሯ ላይ አሳርፏል። አንዱም ግን ፈትቶ አላጠበውም። ጠቤ እዚህ ላይ ነው።

የመጨረሻውን ልንገራችሁ። ስሙ ይቆየንና ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ወዳለ ጋራዥ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሚኒሞ አልይዝ ብላለች፤ ጠዋት ጠዋት ትጠፋብኛለች» አልኩ። ሰውዬው በወጉ እንኳ ሳያጎነብስ ብሎኗን ሁለት ዙር አዞረ። ሞተሯ አጓራች። «ይኸው እህቴ፣ እንደ አዲስ!» ከፈልኩ። ፈረስ መጋላ ሳልደርስ ቀጥ! (የባጃጅ ሾፌሮቹን ሳቅ ለራሴ ላስቀረው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ብዙ ጊዜ ሲቆም ቢጫ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ከአሮጌ ታንከር የሚወርደው ዝገትም አለ። ሁለቱም የሚያርፉት የሚኒሞው ነዳጅ በሚያልፍባት የነሐስ ቀዳዳ ላይ ነው፤ ስፋቷ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። እሷ ከተደፈነች ብሎን ማዞር የታፈነ ሰው ላይ ማራገቢያ እንደ መክፈት ነው። በሽቦ የሚጎረጉሩትማ ይባስ! ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳዋ ትሰፋለች፣ ከዚያ በኋላ ሞተሯ ቤንዚን ስትጠጣ ትኖራለች። ማጠቢያ ፈሳሽና የኮምፕረሰር ንፋስ በቂ ነው።

ብሎኗም ብትሆን አንድ ዓይነት አይደለችም። በአየር ማጣሪያው በኩል ያለችው የአየር ናት፤ ስትላላ ቅልቅሉ ይሳሳል። በሞተሩ በኩል ያለችው የነዳጅ ናት፤ ስትላላ ይወፍራል። ይህን ሳይጠይቅ የሚያዞር ሰው እየገመተ ነው። ማስተካከል የሚጀመረው ከታጠበ በኋላ፣ ሞተሩም ከሞቀ በኋላ ነው። ያኔ ብሎኗን በቀስታ፣ እየቆጠሩ፣ ሞተሩ ረጋ ብሎ እስኪዞር መፈለግ ነው። ካንዴላው ይመሰክራል፦ ጥላሸት ከለበሰ ወፍሯል፣ ከነጣ ሳስቷል፣ ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው።

የእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሐረር ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። በደንገጎ ቁልቁል ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ስለዚህ እዚህ ልክ የነበረው ቅልቅል እዚያ ይሳሳል፤ ያውም በዚያ ሙቀት! ድሬ ተስተካክሎ የመጣውም እዚህ ጭስ ይተፋል፤ ጭሱን የሚጠጡት በጀጎል ጠባብ መንገዶች የሚያልፉ ልጆች ናቸው። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲነሳ ደግሞ ያ ጭስ የኪሳችንም ጭስ ሆኗል።

«ካርቡራተር ያለፈበት ነገር ነው፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አግዷል። ግን የገቡት አልተነኑም! ዕድሜያቸው ይረዝማል እንጂ። ፈረንሳዮች ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠሯት ፔጆ 404 በሐረር ታክሲነት ስንት አሥርት ዓመት የቆየችው በምርቃት ነው እንዴ? ፈትቶ የሚያጥብ እጅ ስለነበራት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በመካኒኩ ላይ አልጥልም። እኛስ? «ቶሎ በል፣ ቸኩያለሁ» እያልን ከላዩ ቆመን እንነዘንዛለን። ለአንድ ሰዓት እጥበት መክፈል ያንገበግበናል፣ ለሞተር ጩኸት ግን ሳንከራከር እንከፍላለን። እሱም የምንከፍልበትን ሸጠልን።

እኔ በመጨረሻ ቅዳሜ ዕለት ግቢያችን ውስጥ ራሴ ፈታሁት። ከሥሩ የወጣው ዝቃጭ የሻይ ማንኪያ ይሞላል። ወደዚያው ጋራዥ ተመልሼ በንፋስ አስነፋሁ። ጋሼ ቀዳዳዋን ወደ ፀሐይ ይዞ አየና «ይቺ ናታ!» አለ፤ የንፋሱንም ሂሳብ አልተቀበለኝም።