ያደሩበትን አገር ማወቅ

ሰው ከትውልድ አገሩ ርቆ ሲኖር የሚያውቃት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ናት፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት የምታደርሰው። ልጆቹም ከእርሱ የተሻለ አያዩም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደጅ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃሉ፤ ወይም በቴሌቪዥን የሌላ የሌላ አገር ሲመለከቱ ይውላሉ። ይህ ልማድ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ወደ አዲስ አገር የገባ ቤተሰብ ልጆቹ ዕረፍት ባገኙ ጊዜ ይዟቸው ወጥቶ የሚኖሩበትን ክፍለ ሀገር ሊያሳያቸው ይገባል። ለዚህም አስረጅ አድርጌ የማቀርበው እኔና ቤተሰቤ በካርቱም ያሳለፍነውን አንድ ሳምንት ነው።

በካርቱም የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በጦርነት፣ በረሃብና በፖለቲካ ምክንያት የተሰደደው፣ ከዚያም በኋላ እንጀራ ፍለጋ በመተማ በኩል የወጣው ወገን ዴምና ጅሬፍን በመሳሰሉ ሠፈሮች ተሰባስቦ ይኖር ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ ወገን ብዙው ከተማይቱን የሚመለከታት እንደ መኖሪያ ሳይሆን እንደ መሳፈሪያ ነበር። አንዱ ወደ አውሮፓ የሚሻገርበትን፣ ሌላው ወደ ቀዬው የሚመለስበትን ቀን ይቈጥራል። «እኔ እዚህ ተላላፊ ነኝ» የሚል ሰው ደግሞ የሚያልፍበትን አገር ቀና ብሎ አያይም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «ተላላፊ» ሆነው የኖሩ ሰዎች አውቃለሁ። እኔም ራሴ ሦስት ዓመት ያህል ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ልጆቼ የመንፈቅ ዓመቱን ዕረፍት አገኙ። ወቅቱ በካርቱም ሙቀቱ ጋብ የሚልበት፣ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ደስ የሚያሰኝበት ነው። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ አንድ ማታ፣ «አባዬ፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት የት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ስሙን አውቃለሁ፤ ሥፍራውን ግን ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር አፈርሁ።

በማግስቱ አል-ሞግረን ወደሚባለው ሥፍራ ሄድን። ትርጓሜውም መገናኛ ማለት ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ፈልቆ፣ ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን ከቦ የሚወርደው ወንዛችን ከቪክቶሪያ ሐይቅ ከሚመጣው ነጭ አባይ ጋር የሚቀላቀለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ኦምዱርማን የሚያሻግረው የብረት ድልድይ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ፣ ሁለቱ ውሆች ወዲያው አይዋሐዱም፤ እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች ጥቂት መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ነጩ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፤ የእኛው በበጋ ጠርቶ ጠቆር ይላል፤ በክረምት ግን የደጋውን አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ እንደ ጠላ ይደፈርሳል። ነጭ አባይ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ ከውሃው ግማሽ ያህሉን በትነት ስለሚያጣ፣ ከዚህ በኋላ ወደ ግብፅ ከሚወርደው ውሃ የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ተራሮች የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ የህዳሴው ግድብ ገና ውሃ መያዝ አልጀመረም ነበር።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልጨምር። ሱዳኖች ወንዛችንን «አዝረቅ» ይሉታል። ቃሉ በመጽሐፍ ዐረብኛ ሰማያዊ ማለት ሲሆን በሱዳን አነጋገር ግን ጥቁሩንም ይጠራል። እኛ «ጥቁር አባይ» ስንል፣ ፈረንጆች ግን «ሰማያዊ» ሲሉ የኖሩበት ምክንያት የገባኝ ያን ዕለት ነው። ይህን የነገረኝ መምህር ወይም መጽሐፍ አልነበረም፤ ድልድዩ ሥር ዓሣ ሲያጠምድ ያገኘነው ሽማግሌ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ቱቲ ወደምትባለው ደሴት ተሻገርን። ዛሬ ድልድይ አላት፤ ቀድሞ የሚኬደው በጀልባ ነበር። ነዋሪዎቿ አትክልት ያለማሉ፤ ወንዙ በሚሞላበት ወራትም ዳርቻውን ተራ ገብተው ይጠብቃሉ። አንዲት እናት ከማሽላ ሊጥ የተጋገረ ስስ ኪስራ አቀረቡልን። ትንሹ ልጄ ቆርሶ አየና፣ «ይህማ እንጀራ ነው!» አለ። ቡናውም በጀበና መጣ፤ ስሙም ጀበና ነው።

ሦስተኛው ቀን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ኦምዱርማን ከማህዲ መቃብር ፊት ለፊት ኸሊፋ አብዱላሂ ይኖርበት የነበረው ቤት አለ፤ በዚያን ጊዜ ቤተ መዘክር ነበር። በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለው ጦር የተላከው ከዚህች ከተማ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ ጊዜም ራሳቸው ተቈርጦ የመጣው ወደዚህችው ከተማ ነው። ይህን ለልጆች እንዴት ይነግሯቸዋል? ብዙ ወገኖቼ «ልጆቹን በሰው አገር ማዞር የራሳቸውን ያስረሳቸዋል» ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኔ ላይ የደረሰው ግን ተቃራኒው ነው። ቤቴ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ስለ መተማ አንድ ቃል የማልናገር ሰው፣ ያን ዕለት ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጬ ታሪኩን ከአንድ ሰዓት በላይ አወራሁ። ደግሞም በዘጠኝ ዓመቱ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ መድፍ ያንኑ የማህዲ ጦር ከረሪ ሜዳ ላይ እንዴት እንደ ፈጀው መናገር ግድ ሆነብኝ። ልጄ ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ ሁለቱም ሲጣሉ ሌላ ሰው መጣባቸው ማለት ነው» አለች። የቤቱ ዘበኛ ሐበሾች መሆናችንን ባወቀ ጊዜ ከየት ከተማ እንደ መጣን ብቻ ጠየቀን፤ ከዚያም ለልጆቹ ውሃ አመጣላቸው።

«ገንዘቡስ?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስደተኛ ኪሱ ስስ ነው። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ያወጣነው የአውቶቡስ ዋጋና የሻይ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። ከካርቱም ክፍለ ሀገር ውጭ ለመጓዝ የውጭ አገር ሰው ፈቃድ ይጠየቅ ስለ ነበር፣ ሩቅ መሄዱን አላሰብነውም። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መዘክርም ቢሆን የመግቢያው ክፍያ አነስተኛ ነበር። በግቢው ውስጥ የአስዋን ግድብ ውሃ እንዳያሰጥመው ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ የመጣው የቡሄን ቤተ መቅደስ ቆሞ ነበር። ልጆቹ ከሁሉ ይልቅ እርሱን ወደዱ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጣን ድጋፍ ሰጪው ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ፤ እኛም ከብዙዎች ጋር በመተማ በኩል ወጣን። ጦሩ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የከተማይቱን እምብርት መልሶ ሲይዝ ብሔራዊው ቤተ መዘክር ተዘርፎ ተገኘ። ልጆቼ ዜናውን ሲሰሙ የጠፋውን እያነሡ አንዱ ሌላውን ያስታውሰው ነበር፤ የጐረቤቶቻችን ልጆች ግን፣ በዚያው ከተማ ተወልደው ያደጉት፣ ስለ ምን እንደሚወራ አላወቁም።

በዚያ ሳምንት ያስቀረነው አንድ ሥፍራ አለ። ከካርቱም በስተደቡብ፣ ከአርባ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ርቀት፣ በነጭ አባይ ላይ ጀበል አውሊያ የሚባል ግድብ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ከእንግሊዝ አገር ካርቱም ከደረሱ በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ እዚያ አካባቢ ተቀምጠው ነበር። ልጄ ቤቱን ለማየት አጥብቃ ፈልጋ ነበር። «ለከርሞ ዕረፍት» አልኋት። ለከርሞም ሥራ በዛብኝና «ለሚቀጥለው» አልኋት። አሁን እርሷ ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ካርታ ባየች ቁጥር ጣቷን እዚያ ላይ ታሳርፋለች።