ሥዕል የሚጀምረው ከብሩሽ በፊት ነው

ሥዕል የሚወድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸኩለው ወደ ቀለሙ ነው። ቀለሙ የሚያርፍበትን ገጽ ግን እንደ ተራ ነገር ይቈጥረዋል። ይህ ስሕተት መሆኑን እስክረዳ ድረስ አንድ ተማሪዬን አሳዝኛለሁ።

ልጁ የእናቱን መልክ በአክሪሊክ ቀለም ለመሣል አስቦ፥ «ገጹን በምን ላዘጋጀው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በችኰላ «ጄሶ ቀባው» አልሁት። እርሱም የግድግዳ ጄሶ ገዝቶ፥ በውሃ በጥብጦ፥ ኮምፔንሳቶ ለሰነበት። ሦስት ሳምንት የደከመበት ሥዕል፥ ጣውላው ጥቂት ሲጐብጥ፥ ከነጄሶው ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ስሙ አንድ፥ ነገሩ ሁለት መሆኑን አልነገርሁትምና።

የግድግዳው ጄሶ ውሃ ሲነካው የሚጠጥር ዱቄት ነው፤ አይተጣጠፍም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተገኘው አክሪሊክ ጄሶ ግን ነጭ ቀለምና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከአክሪሊክ ማጣበቂያ ጋር የተዋሐዱበት ስለ ሆነ ከጣውላው ጋር አብሮ ይተጣጠፋል። ገጽን አስቀድሞ ማዘጋጀት ለአገራችንም አዲስ አይደለም፤ በ15ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ፍሬ ጽዮን የሣላቸው የጣውላ ሥዕሎች በጄሶ በተለሰነ እንጨት ላይ ያረፉ ናቸው።

እንግዲህ ለስላሳ ገጽ የሚፈልግ ሰው ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፥ አቧራውን ይጥረግ። ከእንጨቱ የሚወጣው ቡናማ ነገር ነጩን እንዳያበልዘው፥ በቅድሚያ ቀለም የሌለው አክሪሊክ ይቀባው። ጀርባውንም አይርሳ፤ በአንድ ወገን ብቻ የረጠበ ጣውላ ይጐብጣልና። ከዚያም አክሪሊክ ጄሶውን በጥቂት ውሃ አቅጥኖ 4 ወይም 5 ጊዜ በስሱ ይቀባ፤ አንዱን ወደ ጐን፥ ቀጣዩን ወደ ታች። እያንዳንዱ ሲደርቅ በ220 ቍጥር ብርጭቆ ወረቀት፥ የመጨረሻውን በ400 ቍጥር ይሸው። ዱቄቱ ለሳንባ ደግ ስላልሆነ አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል። ገጹ እንደ መስተዋት እስኪያንጸባርቅ ግን አይታሽ፤ ቀለሙ የሚጨብጠው ያጣል። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ይቈይ።

አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፤ የብሩሽ ጭረትና ጕብጕብ ከሥሩ ካለ በስሱ ቀለም ውስጥ ጐልቶ ይታያል። በኋላ ማረም አስቸጋሪ ነው።

ልጁ አሁን በአዲስ ጣውላ እንደገና ጀምሯል። ገና አንድ መስመር አልሣለም፤ እያሸ ነው። እኔም ዛሬ «ጄሶ» ከማለቴ በፊት የትኛው እንደ ሆነ እናገራለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።