የተቃጠለው የስም ደብተር

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞቹን በሚለቅበት ሰዓት በዚያ ያለፈ ሰው የሚያየው የአውቶቡሶችን ሰልፍና የወጣት ሴቶችን ጎርፍ ነው። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ለባዕድ አገር ገበያ ልብስ ሲሰፉ የሚውሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ ወደ የኪራይ ክፍሎቻቸው ይበተናሉ፤ አላፊ አግዳሚው ከዚህ ወዲያ አያውቃቸውም። እኔ ግን ትንሽ አውቃለሁ። የምኖርበት ግቢ ውስጥ ከኔ ክፍል ቀጥሎ አራቱ ይኖራሉ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ የአንድ ብሎኬት ውፍረት ስላለው፣ እሁድ ማታ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው የሚዘምሩትን መዝሙር ሳልፈልግ በቃሌ ይዤዋለሁ።

እኔ የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ ነኝ። በልጅነቴ «ጴንጤ» የሚለውን ቃል የሰማሁት ወይ በስድብ ወይ በቀልድ ነበር። ኋላ ልብ ወለድ ማንበብ ስጀምር ደብተራውን፣ ቄሱን፣ ባሕታዊውን፣ ጠንቋዩን በየገጹ አገኘኋቸው፤ ጴንጤው ግን ባነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ ከመጣም የሚመጣው ለመሳቂያ ነበር። ይህን የምለው ለሃይማኖት ለመከራከር አይደለም። ለሥነ ጽሑፋችን ነው የምከራከረው።

አንድ ቀን ከጎረቤቶቼ አንዷ ደብተር ይዛ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ተራ ባለመስመር የተማሪ ደብተር ነው። በግራ በኩል ስም፣ በቀኝ በኩል የተዋጣ ብር። አንዳንዱ ስም ላይ መስመር ተሰርዞበት ከጎኑ «ሄደች» ተብሎ ተጽፏል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት ካስወጣች በኋላ ያሉት ገጾች «ሄደች» በሚለው ቃል የተሞሉ ናቸው። የፓርኩን ታሪክ በዚህ ደብተር ከተጻፈው አሳጥሮ የነገረኝ የጋዜጣ ዜና የለም። «ብሩ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ለታመመ፣ ለቤት ኪራይ ላነሰው፣ አገሯ መግባት ፈልጋ መሳፈሪያ ላጣች» አለችኝ።

ይህን ስሰማ ወደ አእምሮዬ የመጣው ሩቅ አገር ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1739 በብሪስቶል አጠገብ ለኪንግስውድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሜዳ ላይ መስበክ ጀመረ። ተከታዮቹ «ሜቶዲስት» ተባሉ፤ ይህም መጀመሪያ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለማሾፍ ያወጡት ቅጽል ስም ነበር፤ ጴንጤ እንደሚባለው ማለት ነው። በ1742 ብሪስቶል ውስጥ የጸሎት ቤታቸው ዕዳ ሲከብዳቸው፣ ምእመኑ በአሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ይመደብና እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ፔኒ ይክፈል፣ የምድቡ መሪም ቤት ለቤት እየዞረ ይሰብስብ ተባለ። መሪዎቹ ሲዞሩ ያገኙት ግን ከገንዘብ ይልቅ የሰው ኑሮ ነበር፦ ታማሚው፣ ሰካራሙ፣ ከሚስቱ ጋር የሚጣላው። ዌስሊ ይህን ሲሰማ የዕዳ ማሰባሰቢያውን ምድብ የመንፈሳዊ ጉብኝት ሥርዓት አደረገው። የስም ደብተሩ ከጸሎት ቤቱ ሕንፃ በላይ ጠቃሚ ሆነ። ዛሬ የአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ሜቶዲስት ጉባኤ ታሪኩን ልጻፍ ቢል ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ያንን ደብተር ነው።

ዝምድናውን ግን ሳያጋንኑ ማየት ይበጃል። ኢ. ፒ. ቶምሰን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ አፈጣጠር ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ሜቶዲስቶችን ክፉኛ ይወቅሳል፤ የእሁዱ ስብከት ሠራተኛውን ለሰኞው ፋብሪካ ሥርዓት ገራው ይላል። ሆኖም ያው ሰው ሌላውንም ገጽ አልደበቀም፤ ድሃው ስብሰባ መምራትን፣ መዋጮ መሰብሰብን፣ ቆሞ መናገርን የተማረው በነዚሁ ምድቦች መሆኑን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1834 ቶልፐድል በተባለች መንደር የሠራተኛ ማኅበር አቋቁማችኋል ተብለው ወደ አውስትራሊያ ከተጋዙት ስድስት የእርሻ ሠራተኞች አምስቱ ሜቶዲስቶች ነበሩ። የቶምሰንን ወቀሳ እያሰብኩ ለጎረቤቴ፣ «ይህ መዝሙር ለነገ ስፌት ጉልበት ከመስጠት ሌላ ምን ይፈይድልሻል?» አልኳት። ጥያቄው ትዕቢት ነበረበት። «ጋሼ፣ ታምሜ ሦስት ቀን ስቀር የመጣችልኝ ያኔ ደብተሩን ትይዝ የነበረችው ናት» ብላ መለሰችልኝ።

ሜቶዲስቶች በአገራችን የወንጌላውያን ታሪክ ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይነሳም። ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ጉባኤ ማውራት ካለብኝ ወደ ናዝሬት፣ ወደ ዛሬዋ አዳማ እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም የግቢያችን ባለቤት እናት ከዚያ የመጡ ናቸው። ልጃቸው እርጅናቸውን አይቶ ወደዚህ ካመጣቸው ጥቂት ዓመታት ሆነዋል። ቡና ሲፈላ እጠራለሁ፤ የምጽፈው ከሳቸው የሰማሁትንና ከመጻሕፍት ያነበብኩትን እያስተያየሁ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ከአሜሪካ የመጡ ሜኖናይቶች በ1939 ዓ.ም. ግድም ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። ሆስፒታሉ በጣሊያን ጊዜ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ስሙም በአርበኛው በደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ ተሰየመ። የሰው ቁስል የታሰረበት ቤት ቀድሞ ጥጥ ይዳመጥበት እንደነበር ሳስብ የቦሌ ለሚ የስፌት አዳራሾች ትዝ ይሉኛል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለስብከት «ክፍት» እና «ዝግ» ብሎ ከፍሏት ስለነበር፣ በዝግ አካባቢ ማስተማርና ማከም እንጂ ሃይማኖት ማስለወጥ ክልክል ነበር። የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች ሰኔ 9 ቀን 1943 ዓ.ም. የተጠመቁት አዲስ አበባ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ቤተ ክርስቲያኗ «መሠረተ ክርስቶስ» ተባለች፤ ስሙ ከአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3 የተወሰደ ነው።

በ1950ዎቹ የናዝሬት የአጼ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንግሊዝኛ እንዲያስተምሯቸው ሚስዮናውያኑን ጠየቁ። መምህሮቹ የመረጡት የንባብ መጽሐፍ የዮሐንስ ወንጌል ነበር። ሰዋስው ፍለጋ የሄዱት ልጆች ሌላ ነገር ይዘው ተመለሱ፤ «የሰማይ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ከዚያ ተወለደ። ጭቅጭቁም፣ ድብደባውም፣ እስሩም አብሮ መጣ። እማማ በዚያ ዘመን በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠሩ ወጣት ነበሩ። ስለ ተማሪዎቹ ሲነሳ ዛሬም ፈገግ ይላሉ፤ «ጩኸታቸው! እግዜር ደንቆሮ የሆነ ይመስላቸው ነበር» ይላሉ።

ከዚያ ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. መጣ። ደርግ መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሰረ፤ እስራቱም ከአራት ዓመት በላይ ቆየ። ከተወሰዱት የጸሎት ቤቶች አንዱ እዚሁ ከተማችን ቦሌ የነበረው ነው። በዚያ ዕለት የአባላቱ ቁጥር 5,000 ገደማ ነበር። ምእመኑ በጥቂት በጥቂት ሰው እየተከፋፈለ በየቤቱ ተሸሸገ። ረከቦት ተዘርግቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ ለጎረቤት የቡና ጠጪ ስብስብ መስሎ ይጸለይ ነበር፤ መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ወድቆ በሩ ሲከፈት ከ30,000 በላይ ሰው ወጣ። ሕንፃ ባልነበራት ዘመን ስድስት እጥፍ ያደገች ቤተ ክርስቲያን መሆኗን የታሪክ ሰዎች በመገረም ይጽፋሉ።

ግን በምን ቋንቋ ይጽፉታል? ናታን ሄጌ የተባለው ሚስዮናዊ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1998 አሳተመ። የእኛው ጥበበ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ኢትዮጵያ የወንጌላውያን እንቅስቃሴ ሰፊ ጥናት አወጣ። ሁለቱም ድካማቸው የሚመሰገን፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ያን ሁሉ በአማርኛ የተንሾካሾኩት እማማ አንዱንም አንብበው ሊያርሙ አይችሉም። የቀረን የኢዮቤልዩ መጽሔት ነው፤ እሱም የሕንፃ ምረቃ፣ የመሪዎች ጉርድ ፎቶግራፍና የመዘምራን ሰልፍ ይዞ ይወጣና ያበቃል። የመጽሔቱን አዘጋጆች አልወቅስም፤ በዓል ነውና ማድመቅ አለባቸው። ስሞቹን ሁሉ የመሰብሰቡ ሥራ ግን የበዓል አዘጋጅ ሥራ አይደለም፤ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ እኛ ነን ያልሠራነው።

እማማ የአንዱ ምድብ የስም ደብተር ያዥ ነበሩ። የመዘጋቱ ወሬ ናዝሬት በደረሰበት ቀን ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተቱት። «በዚያ እሳት ቡና አፈላሁበት። ቡናው መረረኝ፤ ግን ጠጣሁት፤ ሦስተኛውንም ጠጣሁ» አሉኝ። ስንት ሰው እንደነበረበት ስጠይቃቸው «አርባ አንድ» ብለው ወዲያው መለሱ። ስሞቹን ግን እንዲያ ወዲያው ሊመልሱ አልቻሉም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየተቀመጥን ስም እንለቅማለን። እሳቸው ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቀድመው የመጡት የታሰሩት ናቸው፤ እነሱን ሁሉም ያስታውሳቸዋል። ቀጥለው ድምፃቸው ያማረ መጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ባዶ ሄደ። ከዚያ በድንገት ሽሮ እየወጠወጡ ሳሉ «ያቺ ሁልጊዜ በር አጠገብ የምትቀመጠዋ!» ብለው ጮኹ፤ ስሟን ለማግኘት ግን ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ለመርሳት የሚቀድሙት ዝምተኞቹ መሆናቸውን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። የእሳቸውም ትውስታ እየሸሸ ነው፤ አንዳንድ ማታ እኔን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩኛል። አንባቢ ሆይ፣ የእኔ ችኮላ ከዚህ የመጣ ነው።

ባለፈው ወር ሠላሳ አንድ ላይ ቆመን ነበር። እማማ ስኒውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም አሉና አንድ የወንድ ስም ጠሩ። ከዚያ ቀደም ሲያወሩ ሰምቼዋለሁ፤ ምድቡን ለቀበሌ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ የሚጠረጠረው ሰው ነው። ብዕሬን አነሳሁ።

«እማማ፣ ይሄ ይግባ?»

«ምነው?»

«አሳልፎ ሰጥቷችኋል አላሉኝም?»

«ሰጥቶም ይሆናል፤ እኔ አላየሁም። ደግሞም ልጁን ታቅፎ ነበር የሚመጣ፤ ልጁን ይዘውበት ቢሆንስ?» አሉና ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ደብተሩ ላይ ነበረ፣ ልጄ። የጠየቅኸኝ ደብተሩ ላይ የነበረውን ነው።»

ተከራከርኳቸው። ስሙ ቢጻፍ ዛሬ በሕይወት ያሉ ልጆቹ ምን ይላሉ? የታሰሩት ሰዎች ቤተሰቦችስ ከእሱ ጋር በአንድ ገጽ መዋላቸውን ይወዱታል? ጥያቄዎቼ ቀላል አይደሉም፤ አሁንም መልስ አላገኘሁላቸውም። ዝርዝሩን አንድ ቀን ለማተም ብነሳ ያንን ስም ምን እንደማደርገው አላውቅም። ነገር ግን እሱን የሚያስቀር ዝርዝር ሌላውንም ለማስቀረት በር ይከፍታል፦ የተዋት፣ የካደው፣ ተሰላችቶ የቀረው፣ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ የተመለሰው። እንዲህ እየተመረጠ ያለቀ ዝርዝር የኢዮቤልዩ መጽሔት ይሆናል። የጎረቤቴ ደብተር እንኳ የሄደችውን «ሄደች» ብሎ ያስቀምጣታል እንጂ ገጹን አይቀድም።

ሠላሳ ሁለተኛ አድርጌ ጻፍኩት። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ አዩት፤ የአባቱን ስም አሳስቼው ስለነበር አረሙኝ። ከግድግዳው ወዲያ ልጆቹ መዝሙር ጀምረዋል፤ አንዷ ከፈረቃ ዘግይታ መጥታ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ዘጠኝ ስም ይቀረናል።