ሰማዩን ቀለም አትቀቡት!

ዛሬ አስተያየት የምሰጠው ስለ ሰማይ ፎቶ ነው። ስልክ ያለበት ቤት የደመና ወይም የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ማንኩሳ አካባቢ፣ ሰዎች ቆም ብለው ሰማዩን ሲያነሱ አያለሁ። ይህ ደስ ይላል። ደስ የማይለኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ብዙዎች ግራጫውን ደመና በፊልተር ሐምራዊ፣ ቢጫዋን ጀምበር ደም ያስመስሏታል። የእኔ አቋም አጭር ነው፦ ሰማዩን እንዳለ አንሱት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉበት።

ለምን? በመጀመሪያ፣ የእኛ አገር ሰው ሰማይን የሚያየው ለውበቱ ብቻ አይደለም። በመኸር ጤፉና ዳጉሳው ታጭዶ ሜዳ ላይ ነው፤ በርበሬው ተሰጥቶ ደጅ ነው። በዚያ ሰዓት ዝናብ ከጣለ የዓመት ልፋት ይበላሻል። አያቴ በርበሬ ስታሰጣ እጇ ስጡ ላይ፣ ዓይኗ ሰማይ ላይ ነው። ደመናው ሲከብድ «ልጆች፣ ስጡን አግቡ!» ትላለች። በምን እንዳወቀች ስጠይቃት «ሳየው ኖሬ» አለችኝ። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከቡሬ የሰማይ ፎቶ ላከልን። አያቴ ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው። ዝናቡ ወደ እኛ ይመጣ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነበር። ሰማዩ ግን ሐምራዊና ሮዝ ሆኗል። «ይሄ የየት አገር ሰማይ ነው?» አለች። እኛ ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እህሉ እኮ ደጅ ነበር።

ሁለተኛ፣ እውነተኛ የሰማይ ፎቶ ለሳይንስ ይጠቅማል። የደመና ዓይነቶችን ዛሬ በምንጠራቸው ስሞች መጥራት የጀመረው ሉክ ሃዋርድ የሚባል የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ነው። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1802 ነበር። ሥራው መድኃኒት ሆኖ ሳለ ሰማይን በትዕግሥት ስላየ ስሞቹ እስከ ዛሬ ቀሩ። ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ ግን የ«አስፔሪታስ» ታሪክ ነው። ይህ ደመና ሲታይ የተናወጠ ባሕር ተገልብጦ ከላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። በ2006 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የተነሳ ፎቶና ሌሎች ተራ ሰዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ተሰባስበው ጥያቄ አስነሱ። በ2017 የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ስሙን በደመና አትላሱ ውስጥ አስገባው። እነዚያ ሰዎች ፎቶውን በፊልተር ቀብተውት ቢሆን ኖሮ ማን ያምናቸው ነበር?

ሦስተኛ፣ የሰማይ ቀለም ምክንያት አለው። ጀምበር ስትጠልቅ ብርሃኗ ወደ እኛ የሚደርሰው ረጅም አየር አቋርጦ ነው። በመንገዱ ላይ ሰማያዊው ብርሃን ተበትኖ ይቀራል፤ ቀዩና ብርቱካናማው ይደርሰናል። በበጋ መጨረሻ አቧራና ጭስ ሲበዛ ጀምበሯ ደብዝዛ ትቀላለች። መስከረም ላይ ግን ዝናቡ አየሩን ስላጠበው ሰማዩ ጥርት ይላል። ስለዚህ ቀለሙ ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው። ቀለሙን ስንቀይር ወሬውን ቀየርነው ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ማሳመር ምን ችግር አለው? ሥዕልም እኮ ቀለም ነው» ይላሉ። ልክ ነው፣ ሥዕል ቀለም ነው። ታዲያ ሥዕል ከሆነ «ሥዕል ነው» ተብሎ ይነገር። «የቡሬ ሰማይ» ተብሎ ከተላከ ግን የቡሬ ሰማይ መሆን አለበት።

ደግሞም ያለ ፊልተር ያማረ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። የስልኩን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ስክሪኑ ላይ ደማቁን ደመና በጣታችሁ ንኩት፤ ስልኩ ብርሃኑን ስለሚቀንስ የደመናው ቅርጽ ይወጣል። ፍላሹን አጥፉት፤ የስልክ ፍላሽ ደመና ጋ አይደርስም! ከታች በኩል ዛፍ ወይም ጎጆ አስገቡ፤ ያኔ የደመናው ትልቅነት ይታወቃል። የማርያም መቀነት ስትወጣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፤ ከሰዓት በኋላ የምትታየው በምሥራቅ በኩል ነው። ፀሐይዋን ራሷን ግን በዓይናችሁ ትኩር ብላችሁ አትዩ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አናቱ እንደ ቀጥቃጭ መስፍ የተዘረጋ፣ ታቹ የጠቆረ ደመና ሲመጣ ፎቶው ይቅር! እሱ የመብረቅ ደመና ነው። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ በየ3 ሴኮንዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳትቆጥሩ ካጉረመረመ ቤት ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ከብት የምትጠብቁ ልጆች ከኮረብታው ውረዱ፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ለፎቶ ተብሎ ሰው አይሞትም።

በመጨረሻም ለክበባችን ሐሳብ አለኝ። ስልክ ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት ስለማይፈቀድ ፎቶው በየቤታችን ይነሳ። በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ቆመን፣ ፊታችንን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረን እናንሳ። ፎቶ ማሳተም ገንዘብ ስለሚጠይቅ ጥሩውን በእርሳስ ገልብጠን እዚህ መጽሔት ላይ እንሳለው። ከሥሩ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና «ከዚያ በኋላ ዘነበ ወይስ አልዘነበም?» የሚለው ይጻፍ። ስልክ የሌለው ልጅም በዓይኑ አይቶ መሳል ይችላል። መጋቢት 14 የዓለም ሜትሮሎጂ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ሥራችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ወላጆችን እንጋብዝ። አያቶቻችን መጥተው «ይሄ ደመና ዝናብ አለው፣ ይሄ የለውም» እያሉ ያስተምሩን። እነሱ ሲያዩት የኖሩትን እኛ ጽፈን እናስቀምጠው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የምትቃወሙኝም ብትሆኑ ጽፋችሁ የክበቡ ሳጥን ውስጥ ክተቱ፤ በሚቀጥለው እትም እንወያይበታለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል